በፍልሰታ የቀረበ ዓሣ

ጋሼ ጥበቡ ከሸምበቆው ዳስ ውስጥ በጀርባው ተንጋሏል፤ ከራስጌው ግማሹ የተበላ ዓሣ ያለበት ሳህን ተቀምጧል። ሻምበል ቸኮል ከሁለቱ አስቀድሞ ያየው ሳህኑን ነው። የቆየ የሥራ ልማድ ነበር፤ ሟች ካለበት አይሄድም፣ ዕቃ ግን ዘወር ባሉ ቁጥር ቦታ ይቀይራል።

ስሙ ቸኮል ይባል እንጂ ሲቸኩል ያየው ሰው የለም። የካይሮው አርድ ኤል ሊዋ ሰፈር ጎረቤቶቹ «ሻምበል መንገድ ሊሻገር ሲነሳ የትራፊክ መብራቱ እንኳ ይሰለቻል» እያሉ ያሙታል። አዲስ አበባ ሳለ የወንጀል መርማሪ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ በሱዳን ዞሮ ካይሮ ገባና፣ አሁን በየፖሊስ ጣቢያውና በየሆስፒታሉ ዓረብኛ ለጎደለው ሐበሻ ያስተረጉማል። ዛሬም የጠራው ራኢድ ረፍዓት የሚባል የፖሊስ መኮንን ነው፤ የልጆቹ የክረምት ካምፕ ወጥ ቤት ሠራተኛ ከሽንኩርትና ከቲማቲም ያለፈ ዓረብኛ አልነበራትምና።

ነሐሴ 1994 ዓ.ም. ነው፤ የፍልሰታ ጾም የገባ ሰሞን። ቦታው ከጊዛ ወደ ሰቃራ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከመስኖ ቦይ አጠገብ ያለ የማንጎና የተምር አትክልት ስፍራ ነው። ወይዘሮ ምሥራቅ በየክረምቱ ትከራየዋለች። ባንድ ክፍል ቤት ውስጥ ያደጉ የሐበሻ ልጆች ጠዋት በሚክሮባስ ይመጣሉ፤ ወፍ ይቆጥራሉ፣ ቅጠል በጋዜጣ መሃል ያደርቃሉ፣ ከመረብ ጀርባ ተቀምጠው የንብ ቀፎ ያያሉ፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ። የሚያስተምራቸው ጋሼ ጥበቡ ነበር፤ አገር ቤት የባዮሎጂ መምህር የነበረ፣ ዓርብ ዓርብ ከሻምበል ጋር ዳማ የሚጫወት፣ ሲሸነፍ ጠጠሮቹን የሚወቅስ ሰው።

ሻምበል ከሬሳው አጠገብ ቆሞ ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር እስኪመጣ ጠበቀ። ምንም አልመጣም። ዝንብ አባረረና ወደ መኮንኑ ዞረ።

«ፈሲኽ ነው» አለ ራኢድ ረፍዓት ግንባሩን እየጠረገ። «በጨው ታሽቶ የሚከርመው ዓሣ። እኛ እንወደዋለን፣ እሱ ደግሞ በየዓመቱ ከመካከላችን ጥቂቱን ይወስዳል። ፊቱ አብጧል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። ሐኪሙም የተበላሸ ምግብ ነው ብሏል። ዓሣውን ያመጣው አትክልተኛው ነው፣ ሳህኑ የወጥ ቤቷ ነው። ሁለቱን ይዤ እሄዳለሁ፤ ኸላስ፣ አለቀ።»

«ሐኪሙ ከመኪናው ወርዶ ነበር?»

«ሙቀቱን አታየውም እንዴ፣ ኡስታዝ ቸኮል?»

ሻምበል በዳሱ በር አሻግሮ አየ። ወጥ ቤቷ ከፍያለች የቲማቲም ሳጥን ገልብጣ ተቀምጣበታለች፤ እጇ ጭኗ ላይ ነው፣ ዓይኗ የትም የለም። የአንድ ሰፈር ሰው ናትና ነገሯን ያውቃል። ነገ ማታ ከካምፑ ልጆች አንዷ ከሆነችው ልጇ ከሐና ጋር ወደ አውስትራሊያ ትበራለች። ይህን በረራ ስንት ዓመት ጠብቃዋለች፤ የቤቷን ዕቃ ለጎረቤት አከፋፍላ ጨርሳለች። ስሟ ዛሬ የፖሊስ መዝገብ ላይ ከሰፈረ አይሮፕላኑ ያለ እሷ ይሄዳል፤ ሌላ ተራ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም።

«ሚክሮባሱ ልጆቹን ይዞ እስኪሄድ ጊዜ ስጠኝ» አለ ሻምበል።

«ምን ልታደርግበት?»

«ላስተረጉምልህ ነዋ። የሟቹንም ጭምር።»

መኮንኑ ትከሻውን ነቀነቀና ጥላ ፍለጋ ወጣ።

ሻምበል ተንበርክኮ የጥበቡን ቀኝ እጅ አነሳ፤ ጣቶቹን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተ። ግራውንም እንዲሁ። አፈርና ሪሃን ቅጠል ይሸታሉ። ምላሱ አፉን ሞልቶታል። ከግራ ጆሮው በታች እንደ ሽንብራ ያበጠ ቀይ ነገር አለ፤ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ። ከእግሩ ሥር የመግረዣ ቢላው ወድቋል፤ ጫፉ ተሰብሯል፣ ስባሪው ግን መሬት ላይ የለም። ቀና ብሎ ግድግዳውን ቃኘ። ልጆቹ የሳሏቸው ወፎች በሙሉ በቀኝ በኩል ተደርድረው ተለጥፈዋል። በግራ በኩል ብቻዋን የተለጠፈች አንዲት ቀይ ጉትያ ያላት ወፍ አለች፤ ወረቀቷ ከኋላዋ የሆነ ነገር የያዘች ይመስል ወደ ውጭ ተነፍታለች።

ወረቀቷን አልነካትም። ወጣ።

ኮፕቱ አትክልተኛ ዓም ጊርጊስ ከውሃ መሳቢያው ሞተር አጠገብ ቁጢጥ ብሏል። ገና ካጠገቡ ሳይደርሱ የፈሲኹ ሽታ ይቀበላል።

«ዓሣውን ሰጠኸው?» አለው ሻምበል በዓረብኛ።

«ለማን? ለኡስታዝ ጥበቡ? እሱ የኔን ዓሣ ይበላል? በየቀኑ ምሳ ላይ ስንከራከር ነው የከረምነው። ዓሣ ሥጋ አይደለም፣ በድንግል ማርያም ጾም ተፈቅዷል እለዋለሁ። ዓይን ያለው ነገር የተፈቀደው በናንተ ብቻ ነው ይለኛል። ግማሹን በላሁ፣ ግማሹን በወረቀት ጠቅልዬ ሞተሩ ላይ አስቀመጥኩና ውሃውን ወደ ማንጎዎቹ ልመልስ ሄድኩ። ስመለስ የለም። ድመት ነው ብዬ ረገምኩ፤ ማሌሽ፣ ድመቱ ይቅር ይበለኝ።»

«ክርክራችሁን ማን ይሰማ ነበር?»

«ወጥ ቤቷ፣ ወጣቱ አስተማሪ፣ ልጆቹ። እየሳቁብን ነበር። የዚያች ሴትዮ ሳቅ ደግሞ አጥር ይዘላል።»

ሳቋ አጥር ይዘላል የተባለችው ከፍያለች ሻምበል ሲቀርባት ቀና አላለችም።

«ከፍዬ፣ ዓሣው ወጥ ቤትሽ ገብቷል?»

«ይግባና። ጠዋት ይዞ ሲመጣ ከነወረቀቱ አስወጣሁት። በፍልሰታ ከምስር ድስቴ አጠገብ ያንን ሽታ ላኖር?»

«ሳህኖቹስ?»

«አጥቤ ውጭ ፀሐይ ላይ ደርድሬያለሁ። ያለፈ ያገደመ ያነሳል።» ቀና ብላ አየችው። «ሻምበል፣ እኔ እኮ አላለቀስኩም። ሰዎች አይተው ምን ይሉኛል? ጥርስ እንደተነቀለበት ድድ ሆኛለሁ። ይሄ መኮንን ነገ እንዳልሄድ ያደርገኛል?»

«አላውቅም።»

«እርስዎ መቼም ማጽናናት ይችሉበታል።»

ወጣቱ የስፖርት አስተማሪ ፍፁም ልጆቹን በአትክልቱ ወዲያኛው ጫፍ ሰብስቦ ቅጠል ያስለያቸዋል። ልጆቹ ከወትሮው ይልቅ ጸጥ ብለዋል፤ አንዱ ያንኑ አንድ ቅጠል ደጋግሞ ያገላብጣል። ሻምበል ራቅ አድርጎ አናገረው።

«ሲሞት የት ነበርክ?»

«እዚሁ፣ ጋሼ። ልጆቹን ይጠይቋቸው። እሱ ቀፎዎቹን አይቼ እመጣለሁ ብሎ ሄደ፣ አልተመለሰም። የእረፍት ሰዓት ሲደርስ ልጠራው ሄጄ ነው ያገኘሁት።»

«ንብ ያውቃል?»

«ይወዳቸዋል። እነሱ ግን አይወዱትም። አምና አንዷ ነድፋው ጉሮሮው ተዘግቶ ለትንሽ ነው የተረፈው። ከዚያ ወዲህ መርፌ በወገቡ ቦርሳ ይዞ ይዞር ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ወይዘሮ ምሥራቅ ልጆች እንዳይነኩ ብላ መድኃኒት ሁሉ ሣጥን ይግባ አለች። አስገባ።»

«ሣጥኑ የት ነው?»

«ዳሱ ግድግዳ ላይ ተቆልፎ ተሰቅሏል። ቁልፉ እሷ ጋ ነው። የዚህ ቦታ ቁልፍ በሙሉ እሷ ጋ ነው፤ የበሩም ሳይቀር። ዳቦና በረዶ ይዞ የሚመጣውን ሚክሮባስ እንኳ እሷ ናት የምታስገባው።»

«ከጥበቡ ጋር ተጣልተው ነበር?»

ፍፁም ወደ ልጆቹ ዞር ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰኔ ላይ ፎቶ አንሺ መጥቶ ነበር፤ የፈረንጆቹ ረጂዎች የላኩት። ለፎቶው እንዲያምር ልጆቹን ቦዩ ውስጥ አስገባቻቸው። ጋሼ ጥበቡ የዚያን ቀን አልነበረም። አሁን ሦስቱ ሽንታቸው ደም ሆኗል፤ ቢልሃርዚያ ነው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ለወላጆች እነግራለሁ ብሎ ነበር። እሷ አትናገር ትለዋለች። እኔ... ያዕኒ፣ ሥራዬን ፈርቼ ዝም አልኩ።»

«ያ ዓሣ ሲቀርብለት በላ ቢሉህ ታምናለህ?»

ፍፁም ጴንጤ ነው፤ አይጾምም። ግን ሳይወድ ፈገግ አለ። «ጋሼ ጥበቡ? እኔ እንኳ አጠገቡ ሳንድዊች ስበላ ጀርባዬን አዙሬ ነው።»

ወይዘሮ ምሥራቅ ከበሩ አጠገብ ባለችው ትንሽ ቢሮዋ ውስጥ ነበረች። ባሏ የአየር መንገድ ሰው ነው፤ ቤታቸው የሀብታሞቹ ሰፈር ሞሃንዲሲን ነው። ሸሚዟ ነጭ፣ ንግግሯ ለስላሳ፣ አንገቷ ላይ ማተብ የመሰለ ጥቁር የቁልፍ ገመድ። ክፍሉ ሎሚ ሎሚ ይላል፤ የተጨመቀ ግማሽ ሎሚ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ቀርቷል።

«ይቀመጡ፣ ሻምበል። ምስኪን ጥበቡን አዩት?»

«አየሁት። እርስዎ የት ነበሩ?»

«በሩ ጋ። ዳቦውን ላስገባ ቆሜ ነበር።»

«ዓሣ በላ መባሉ አልገረመዎትም?»

«ምን ይገርማል? የድንግል ማርያም ጾም አይደል? እኛ ቤት ይህ ጾም ሲገባ ከዓሣ በቀር የሚሠራ የለም። ዓም ጊርጊስ አካፍሎት ይሆናል። ማንንም የሚወቅሱበት ነገር አይደለም፤ የተበላሸ ዓሣ ነው።»

ከሻምበል የተንቀሳቀሰው ቅንድቡ ብቻ ነው። «እርስዎ ካይሮ ነው የተወለዱት?»

«ሹብራ። አባቴ በጃንሆይ ጊዜ ለሥራ መጥቶ ቀረ። ሐበሻ ጎረቤት እንኳ አልነበረንም። ክርስትና የተነሳሁት፣ የቆረብኩት፣ ያገባሁትም ኮፕቶች ቤተ ክርስቲያን ነው።»

«ምሳዎን ከሠራተኞቹ ጋር ይበላሉ?»

«እዚሁ ነው የምበላው። ሥራ ይበዛብኛል።»

አመስግኗት ወጣ። በሩ ጋ የሚክሮባሱ ሹፌር ሙስጠፋ ጎማው ላይ ተደግፎ ያጨሳል። ሻምበል ቀኑ እንዴት እንደዋለ ብቻ ነው የጠየቀው፤ ሹፌር ደግሞ ይህን ከጠየቁት ሌላ ጥያቄ አያስፈልገውም።

ጥቂት ቆይቶ ራኢድ ረፍዓት ሁሉንም ከዳሱ ውስጥ ሰበሰበ። ሬሳውን በአንሶላ ሸፍነውታል። ዓም ጊርጊስና ከፍያለች በአንድ በኩል፣ ፍፁምና ሙስጠፋ በሌላ በኩል ቆሙ፤ ወይዘሮ ምሥራቅ ባለችው ብቸኛ ወንበር ተቀመጠች። ሻምበል ለመኮንኑ በዓረብኛ፣ ለከፍያለች በአማርኛ እየደገመ ነበር የተናገረው፤ ስለዚህ ነገሩ ከወትሮው ዝግታው እንኳ የባሰ ዘገየ።

«ከሳህኑ ልጀምር። ፈሲኽ በሹካ የሚበላ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«ነውር ነው» አለ መኮንኑ።

«በእጅ ከተበላ ሽታው ምን ያህል ይቆያል?»

«ሚስቴን ጠይቃት። በሳሙና አይለቅም።»

«እንግዲያው የሟቹን ጣቶች አሽትት። አፈርና ሪሃን ነው። ይህን ዓሣ አልነካውም። ሳህኑ የቀረበው ለሬሳ ነው።»

መኮንኑ አንሶላውን ገለጥ አድርጎ ጎንበስ አለ፤ ሲነሳ ያወጣውን ሲጋራ ሳይለኩስ ወደ ኪሱ መለሰው።

«ማን አቀረበው ቢባል» ቀጠለ ሻምበል፣ «ጥበቡ ይህን ዓሣ ሊበላ ይችል ነበር ብሎ የሚያምን ሰው ነው። እኛ ሐበሾች ፍልሰታን ስንጾም ዓሣ ክልክል ነው፤ ጥበቡ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀምስም። የሞተው ከዚያ በፊት ነው። ከፍያለች ይህን ታውቃለች፣ እሷም ጾመኛ ናት። ዓም ጊርጊስ ያውቃል፣ በየቀኑ ተከራክሮበታል። ፍፁም ባይጾምም ክርክሩን ሲሰማ ነው የከረመው። ከሦስቱ አንዱ ቢገድለው ሌላ ሰበብ ይፈልግ ነበር እንጂ ዓሣ አያቀርብም። የቀረ አንድ ሰው አለ፤ በዚህ ጾም ዓሣ ሲበላ አይቶ ያደገ፣ ከነሱ ጋር ለምሳ ተቀምጦ የማያውቅ።»

ማንም ወደ ወንበሩ አልዞረም። ወንበሩን የረሳ ግን አልነበረም።

«ያዕኒ፣ ዓሣው ካልገደለው ምን ገደለው?» አለ መኮንኑ።

«ንብ። ከግራ ጆሮው በታች መንደፊያዋን ትታበታለች። ፊቱን ያሳበጠው፣ ጉሮሮውን የዘጋው እሱ ነው። ከቀፎው ወደዚህ የሮጠው መድኃኒቱ እዚህ ስላለ ነው።» ሻምበል ወደ ግራው ግድግዳ ሄዶ ቀይ ጉትያ ያላትን ወፍ በቀስታ ላጣት። ከኋላዋ የብረት ሣጥን ወጣ። ክዳኑ ዙሪያውን በአዲስ ጭረት ተቧጥሯል፤ ከመታጠፊያው ሥር የቢላ ስባሪ ተሰክቶ ቀርቷል። «ቢላውን እስኪሰብር ታግሏል። የልጆቹ ሥዕል ቦታው በዚያኛው ግድግዳ ነው። ይቺን ወፍ እዚህ ያመጣት ጭረቱ እንዲታይ ያልፈለገ ሰው ነው። ወይዘሮ ምሥራቅ፣ ቁልፉን ይስጡኝ።»

ገመዱን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችው። ሣጥኑ ተከፈተ፤ መርፌው ከነማሸጊያው ተቀምጧል።

«እኔ በሩ ጋ ነበርኩ» አለች። «ቢጠራኝ አልሰማም።»

«ሙስጠፋ፣ ዳቦውን ይዘህ ስትመጣ ማን ከፈተልህ?»

«ማንም» አለ ሹፌሩ። «ጥሩምባ ነፋሁ፣ ነፋሁ። በኋላ በአጥሩ ዘልዬ ከውስጥ ከፈትኩ። ይኸው ሱሪዬ የተቀደደበት።»

«በሩ ጋ አልነበሩም» አለ ሻምበል። «ከፈሲኹ በኋላ ደግሞ እጅዎን በሎሚ አሽተዋል። ሎሚውን አላነሱትም።»

ከወዲያ የውሃ ሞተሩ ይመታል። ወይዘሮ ምሥራቅ ስትናገር ድምፅዋ ስለ ሌላ ሰው ሸመታ የምታወራ ይመስል ነበር።

«አልነካሁትም። እዚህ ሥዕሎቹን እያስተካከልኩ ነበር። ሮጦ ገባ፣ ሣጥኑን አሳየኝ። ቁልፉ እጄ ላይ ነበር። መጀመሪያ ለወላጆቹ እንደማትነግር ቃል ግባልኝ አልኩት። አንዲት ቃል ነው የጠየቅሁት። መልስ እየጠበቅሁ ነበር።»

«ምላሱ አብጦ ነበር» አለ ሻምበል።

«አሁን ሲሉኝ ገባኝ።»

«ያኔም ገብቶዎታል። ቢላውን ሲያነሳ ቆመው አይተዋል።»

ዓይኗን ወደ መርፌው መለሰች።

ከፍያለች ከቆመችበት ሁለት እርምጃ ወደፊት መጣች። ድምፅዋን አላነሳችም። «እትዬ ምሥራቅ፣ ሳህኑ የማን ይመስልሽ ነበር? ትናንት መሸኛ ኬክ ቆርሰሽልኝ፣ ነገ ማታ እንደምሄድ እያወቅሽ?»

ወይዘሮ ምሥራቅ ለመጀመሪያ ጊዜ አየቻት። «ዓሣ ከሆነ ማንም አይጠየቅም ብዬ ነው። አንቺ ትዝ አላልሽኝም።»

«እሺ» አለች ከፍያለች።

ራኢድ ረፍዓት ሻምበልን ወደ ዳሱ በር ሳበው። «ቆሞ ማየት በሕግ ምን እንደሚባል እኔንጃ» አለው።

«ዳኛው ይፈልግለት። ቁልፉ እጇ ላይ እንደነበር፣ ሳህኑንም ወፏንም ያስቀመጠችው እሷ እንደሆነች ግን አንተ መጻፍ ትችላለህ። የነዚህን ሁለት ሰዎች ስም ደግሞ አለመጻፍ ትችላለህ።»

መኮንኑ ወደ ከፍያለች፣ ወደ ዓም ጊርጊስ አየ። «ኸላስ» አለ። «ይሂዱ። ሰውዬው ግን ዓሣ ማስቀመጫ ቦታ ይፈልግ።»

ወይዘሮ ምሥራቅ በፖሊሱ መኪና ሄደች፤ ስትገባ የሸሚዟን ኮሌታ አስተካከለች። ፍፁም ልጆቹን ወደ ሚክሮባሱ ሲያስገባ፣ ወላጆቻቸውን ዛሬውኑ ቤት ለቤት ዞሮ ስለ ቦዩ እንደሚነግር ለሻምበል ነገረው። ሻምበልም «ዘግይተሃል፤ ሂድ» አለው።

በመንገድ ላይ ከልጆቹ አንድም የዘፈነ የለም። ሐና እናቷ ጭን ላይ ተኝታለች። ፀሐይዋ በመስኮቱ ፊቷ ላይ እየወደቀች ስለነበር ሻምበል ተነስቶ በዚያ በኩል ተቀመጠ፤ ሰፊው ትከሻው ለመጋረጃነት ይበቃል።

«ሻምበል» አለች ከፍያለች፣ «ነገ ሰው ሁሉ ለቅሶ ሲቀመጥ እኔ ሻንጣ ላዘጋ ነው። ባልሄድስ?»

«ትሄጃለሽ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሄደች ይላል። ሌላ ምን ይላል?»

የልጇን ፀጉር ዳሰሰች። «እዚያ አገር ስደርስ የማለቅስ ይመስለኛል። አሁን አልመጣም አለኝ።»

«እዚያ ስትደርሺ አልቅሺ። ማንም አይከለክልሽም።»

«እርስዎስ መቼ ያለቅሳሉ?»

ሻምበል ቸኮል ስለ ዓርቡ ዳማ ሊያስብ ሞከረ፤ ሐሳቡ እንደ ደረቅ ቧንቧ ጭርር ብሎ ቆመ።

«እኔ ተራ ይዣለሁ» አላት።

ሙስጠፋ ከፊት ሆኖ አርድ ኤል ሊዋ የሚወርድ እንዳለ ጮክ ብሎ ጠየቀ። ከፍያለች በዚያች በጥቂቷ ዓረብኛዋ «አለ» አለችው፤ ልጇንም ሳትቀሰቅስ ትከሻዋ ላይ አነሳቻት።